ገመድ ለምን ይበጠሳል?

ገመድ የማያውቅ ገበሬ የለም። ከብት የሚታሰረው በገመድ ነው፤ ጭነት የሚጠፈረው በገመድ ነው። ቀንበርና ሞፈር የሚያያዙበት ምራንም ቢሆን ከቆዳ የተሠራ ገመድ ማለት ነው። ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣው፣ ጉድጓድ ቆፋሪውም ወደ ታች የሚወርደው በገመድ ነው። ስለዚህ እኛ ተነስተን ስለ ገመድ ለገበሬ እናስተምር ብንል «ለቀባሪው አረዱት» ይሆንብናል። ይሁን እንጂ አንድ ቀን በዓይናችን ያየነው ነገር ይህችን ጽሑፍ እንድንጽፍ አስገደደን።

ፊደል እናስቆጥር በነበረበት ቀበሌ ገበሬዎች የውሃ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። ጉድጓዱ 12 ሜትር ያህል ወርዷል። አንድ ሰው ከታች ሆኖ ይቆፍራል፤ ሦስት ሰዎች ከላይ ሆነው አፈሩን በባልዲ ያወጣሉ። ገመዱ የቃጫ ነው፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ አፈር የሞላ ባልዲ እየወጣ ሳለ የአንደኛው ሰው እጅ አልቦት ገመዱ አዳለጠው። ባልዲው ሁለት ክንድ ያህል ቁልቁል ተወረወረ። የቀሩት ሁለቱ ሰዎች ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ያዙት። ይኸኔ ገመዱ «ጧ!» ብሎ ተበጠሰ። ከታች ያለው ሰው ድምፁን ሲሰማ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ተለጠፈ። ባልዲው ትከሻውን ገሽልጦት አለፈ። አንድ ስንዝር ወደ መሐል ቢቆም ኖሮ ሬሳውን ነበር የምናወጣው። ከጎረቤት ሌላ ገመድ መጥቶ በሕይወት ወጣ።

ሁሉም ሰው በገመዱ ተገረመ። አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ ዞር ብለው እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ይህ ገመድ ዛሬ ጠዋት የሚቆፍረውን ሰውዬ ራሱን አውርዷል። ሰውዬው ከባልዲው ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ሰው የቻለ ገመድ እንዴት በአንድ ባልዲ አፈር ይበጠሳል?»

«አባባ፣ እስቲ ተነጋግረንበት ነገ እንመልስልዎ» አልናቸው።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። በትምህርት ቤት ስለ ገመድ ብዙ ሒሳብ ሠርተናል። የሠራነው ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጂ በጉድጓድ አፍ ላይ አልነበረም። ማታ በኩራዝ ብርሃን ተሰብስበን ስንከራከር ነው ያ የሰሌዳ ሒሳብ ለካስ ስለዚሁ ጉድጓድ ይናገር እንደነበር የገባን።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ገመድ የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መጎተት ነው። ዱላ ይጎትታል፣ ይገፋልም። በገመድ ግን ማንንም መግፋት አይቻልም። ገመድ ሲረግብ ሥራ ፈት ነው፤ ሲወጠር ግን ሁለቱንም ጫፎቹን ወደ ራሱ ይስባል። በተወጠረ ገመድ ውስጥ ያለውን ይህን የመሳብ ኃይል የፊዚክስ ትምህርት «ውጥረት» ይለዋል።

ሁለቱንም ጫፎቹን ይስባል ማለታችንን ልብ በሉ። እምቢተኛ ጥጃ ስትጎትቱ ገመዱ ጥጃውን ወደ እናንተ ይስባል፤ እናንተንም ወደ ጥጃው ይስባል። መዳፋችሁ የሚላጠው ለዚህ ነው። ኢሳቅ ኒውተን የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር ሕግ አድርጎ ጽፎታል። አንድ ነገር ሌላውን ሲስብ ያኛውም በዚያው መጠን መልሶ ይስበዋል።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን ሁሉ የሚያሳስት አንድ ጥያቄ አለ፤ እኛም ተሳስተንበታል። ሁለት ጎረምሶች ገመድ ይጓተታሉ እንበል። አንዱ በ30 ኪሎ ኃይል ይጎትታል፤ ሌላውም በ30 ኪሎ ይጎትታል። አቻ ለአቻ ስለሆኑ ማንም አልተንቀሳቀሰም። የገመዱ ውጥረት ስንት ነው? ብዙ ሰው 30ና 30 ደምሮ «60!» ይላል። መልሱ ግን 30 ነው። ካላመናችሁ አንዱን ጎረምሳ አስወጡትና የእሱን ጫፍ ከዛፍ ጋር እሰሩት። የቀረው ጎረምሳ አሁንም በ30 ኪሎ ይጎትታል። ዛፉ ደግሞ እንዳይነቀል በ30 ኪሎ መልሶ ይይዘዋል። ለገመዱ ዛፉም ጎረምሳውም አንድ ናቸው። ገመድ እንዲወጠር ሁልጊዜ ሁለት ወገን ያስፈልጋል፤ አንዱ ወገን ከሌለ ውጥረት የለም።

አሁን ወደ ባልዲያችን እንመለስ። አፈር የሞላው ባልዲ 20 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ዝም ብሎ ከቆመ የገመዱ ውጥረት 20 ኪሎ ነው። በዝግታ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ወደ ላይ ቢወጣም ያው 20 ኪሎ ነው። ሲወርድም እንደዚሁ። (በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃይል የሚለካው በኪሎ ሳይሆን በሊቁ ስም በተጠራው «ኒውተን» በሚባል መለኪያ ነው። የአንድ ኪሎ ክብደት ወደ 10 ኒውተን ይጠጋል። እኛ እዚህ ገበያ በምናውቀው ኪሎ እንቀጥላለን።) የገመዱ የራሱ ክብደት ሲጨመር የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ትንሽ በልጦ ይሸከማል። ገመዱ ራሱ 3 ኪሎ ቢመዝን ከታች 20፣ ከላይ 23 ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ሰውዬው 60 ኪሎ ሆኖ ገመዱ ቻለው፤ በ20 ኪሎ ባልዲ ለምን ተበጠሰ?

ባልዲው ያን ጊዜ ተንጠልጥሎ የቆመ ባልዲ አልነበረም፤ እየወደቀ የነበረ ባልዲ ነው። ከክምር ጫፍ ላይ ዘሎ ጭድ ላይ መውደቅና ከዚያው ከፍታ ዘሎ ድንጋይ ላይ መውደቅ አንድ እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፍጥነቱ አንድ ነው። ልዩነቱ አቋቋሙ ነው፤ ጭዱ ቀስ አድርጎ ያቆማል፣ ድንጋዩ ድርቅ አድርጎ ያቆማል። እየወደቀ ያለን ነገር በአጭር ርቀት ማቆም ከፈለግን ትልቅ ኃይል እናወጣለን።

በክንድ እናስላው። 1 ክንድ 2 ስንዝር ነው፤ 1 ስንዝር 3 ጋት ነው። ባልዲው የወደቀው 2 ክንድ ነው፤ 12 ጋት ማለት ነው። ገመዱ ቃጫ ስለሆነ ብዙ አይሳብም፤ 1 ጋት ያህል ተስቦ ባልዲውን ለማቆም ሞከረ እንበል። ባልዲው በ12 ጋት ውስጥ ያጠራቀመውን ኃይል ገመዱ በ1 ጋት ውስጥ ማጥፋት አለበት። በዚያችም አንድ ጋት ውስጥ ባልዲው መክበዱን አይተውም፤ ስለዚህ አንድ ይጨመራል። 13 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። 20 ሲባዛ በ13፣ 260 ኪሎ! ያ የቃጫ ገመድ የተሸከመው አንድ ባልዲ አፈር ሳይሆን አራት ሰው ተንጠልጥሎበት ከሚደርስበት የበለጠ ነው። ገመዱ የሚለጠጥ ዓይነት ሆኖ በ1 ስንዝር፣ ማለትም በ3 ጋት ቢያቆመው ኖሮ ውጥረቱ 5 እጥፍ፣ 100 ኪሎ ብቻ ይሆን ነበር። ምናልባት ይችለው ነበር።

ይህን በማግስቱ ለሽማግሌው በጭቃ ላይ እየጻፍን አስረዳናቸው። ጥቂት ዝም አሉና፦

«እንግዲያው በሬ ቀኑን ሙሉ አርሶበት ያልተበጠሰ ጠፍር፣ በሬው አንዴ ሲደነብር የሚበጠሰው ለዚህ ነው በሉኛ!» አሉ።

«እንዴታ አባባ! እሱኑ ነው የምንልዎ።»

እኛ ሦስት ሰሌዳ ሙሉ ሒሳብ የፈጀንበትን እሳቸው በአንድ በሬ ጨረሱት።

ሌላም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እሱም ገመድ በአግድም ሲዘረጋ ነው። አንድ ሙከራ አድርጉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሙሉበት፤ 20 ኪሎ ይሆናል። የአንድ ረጅም ገመድ መሐል በጀሪካኑ እጀታ አሳልፉና ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይያዙ። መጀመሪያ ተጠጋግተው ይቁሙ። ጀሪካኑ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ የሚሸከመው 10 ኪሎ ብቻ ነው። አሁን ገመዱን እንደወጠሩ እየተራራቁ ይሂዱ። ጀሪካኑ ምንም አልተጨመረበትም፤ ሰዎቹ ግን ማላብ ይጀምራሉ። ከዚያም ገመዱን እንደ ቀጥታ መስመር ቀጥ እንዲያደርጉት እዘዟቸው። አይችሉም። የቀበሌውን ጎረምሳ ሁሉ ብታሰልፉ አይቻልም። ጭነት መሐሉ ላይ ያለ ገመድ ምንጊዜም ትንሽ ይረግባል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ገመድ የሚስበው በተዘረጋበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ገመዱ ወደ ላይ ሲቆም ጉልበቱ ሁሉ ጭነቱን ወደ ላይ ለማንሳት ይውላል። በአግድም ሲዘረጋ ግን አንዱ ጫፍ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ይስባል፤ እርስ በርሳቸው ይጓተታሉ እንጂ ጭነቱን አያነሱም። ጭነቱን የሚያነሳው ገመዱ በመርገቡ የተገኘችው ትንሽዬ ዳገት ናት። ዳገቷ ባነሰች ቁጥር ያንኑ 20 ኪሎ ለመያዝ ገመዱ እጅግ መወጠር አለበት።

በሁለት ዛፎች መካከል 20 ክንድ ርቀት አለ እንበል፤ ጀሪካኑም መሐል ላይ ተሰቅሏል። ገመዱ 5 ክንድ ከረገበ ውጥረቱ 22 ኪሎ ያህል ነው። 2 ክንድ ብቻ ከረገበ 51 ኪሎ ይደርሳል። 1 ክንድ ከረገበ 100 ኪሎ ነው። 1 ስንዝር ብቻ ከረገበ 200 ኪሎ። 1 ጋት ብቻ ቢረግብ 600 ኪሎ ይሆን ነበር፤ ገመዱ ግን ያን ሳያይ ይበጠሳል፣ ወይም ዛፉ ይነቀላል። ራሳችሁ ልታሰሉት ብትፈልጉ፣ በዛፎቹ መካከል ያለውን ርቀት ግማሹን ወስዳችሁ ለረገበው ልክ አካፍሉት፤ የወጣውን በጭነቱ ግማሽ አባዙት። ብዙ ላልረገበ ገመድ መልሱ ከትክክለኛው አይርቅም። 10 ክንድ ለ1 ክንድ ሲካፈል 10፤ በ10 ኪሎ ሲባዛ 100።

ጎጃምንና በጌምድርን በሚያገናኘው የዓባይ መሻገሪያ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ገበያተኛውና መንገደኛው የፈረሰውን ክፍት የሚሻገረው በገመድ ነበር። ከወዲህና ከወዲያ ጠንካራ ሰዎች ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ተንጠልጥሎ ከዓባይ በላይ ይጎተታል። አንድ ሰው ለማሻገር ያ ሁሉ ጎረምሳ ለምን አስፈለገ? ለሸክም ቢሆን አንድን ሰው ሁለት ሰዎች ይሸከሙታል። መልሱ ከላይ ያልነው ነው። ተሻጋሪው ወደ ገደሉ ብዙ እንዳይወርድ ገመዱን በአግድም መወጠር ነበረባቸው፤ በአግድም የተወጠረ ገመድ ደግሞ የሰውዬውን ክብደት ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ሸክማቸው ሰውዬው ብቻ አልነበረም፤ እርስ በርሳቸውም ይሸካከሙ ነበር። በኋላ በ2001 ዓ.ም በአካባቢው በብረት ገመድ ላይ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እንዲህ ያለ ድልድይ ስታዩ የብረት ገመዱ መሐል ላይ ዝቅ ማለቱን ተመልከቱ። ሠራተኞቹ መወጠር አቅቷቸው አይደለም፤ አውቀው ነው ያረገቡት።

ይህ ነገር ጉዳት ብቻ ሳይሆን ጥቅምም አለው። ከማሳችሁ ውስጥ ጉቶ መንቀል ትፈልጋላችሁ እንበል። በቀጥታ ብትጎትቱት እምቢ ይላል። ጠንካራ ገመድ ከጉቶው እስከ አንድ ትልቅ ዛፍ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዚያ ገመዱን በርዝመቱ መጎተት ትታችሁ መሐሉን ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት። ገመዱ 20 ክንድ ቢሆንና በ40 ኪሎ ኃይል ገፍታችሁ 1 ክንድ ብታጎብጡት፣ ጉቶው ላይ የሚደርሰው 200 ኪሎ ነው። ጉቶው ትንሽ ከተነቃነቀ በኋላ ገመዱ ስለሚረግብ እንደገና አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል። አንድ አደራ አለን፤ በተወጠረ ገመድ ጫፍ አቅጣጫ ልጅም ሆነ ከብት አይቁም። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል፤ ዓይን ያጠፋል።

ስለ ገመዱ ስለ ራሱ ደግሞ ጥቂት እንበል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን አንድ ነገር ይቀረዋል። ገመድ ከሁለት ወይም ከሦስት ፈትሎች ሲገመድ ሸክሙን እኩል የሚካፈሉት እኩል ሲወጠሩ ነው። አንዱ ፈትል ከሌሎቹ ካጠረ ሸክሙን ብቻውን ይወስዳል። ሌሎቹ ረግበው ያዩታል። እሱ ሲበጠስ ሸክሙ ወደ ሁለተኛው ይዞራል፤ እሱም ይበጠሳል። ሦስት ነን እያሉ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ስለዚህ ገመድ የሚገምድ ሰው ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን እኩልነቱን ይመልከት።

ውጥረት በገመዱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚዳረስ ገመድ የሚበጠሰው በደካማ ቦታው ነው። ዘጠኝ ክንዱ ደህና ሆኖ አንድ ጋቱ ከበሰበሰ ገመዱ የበሰበሰ ገመድ ነው። ቋጠሮም ድካም ነው። ገመዱ ቋጠሮው ላይ እጥፍ ስለሚል በውጭ በኩል ያሉት ክሮች ሸክሙን ብቻቸውን ይይዛሉ፤ የገመዱ ጉልበት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። በሹል የእንጨት ጠርዝ ላይ የሚያልፍ ገመድም እንደዚሁ፤ በዚያ ላይ ደግሞ ይፋቃል። ያ የተበጠሰው ገመድ ጫፉን ስናየው የተቆረጠው በተጋደመው እንጨት ላይ ሲፋቅ በኖረበት ቦታ ነበር።

በእንጨቱ ፋንታ ለስላሳ መዘውር ቢኖር ይሻላል። የገመዱ ውጥረት በመዘውሩ በዚህም በዚያም ወገን እኩል ይሆናል። ግን መዘውሩን የተሸከመው እንጨት ስንት እንደሚሸከም አስቡ። በአንዱ ወገን ባልዲው 20 ኪሎ ወደ ታች ይስበዋል፤ በሌላው ወገን ጎታቾቹ 20 ኪሎ ወደ ታች ይስቡታል። 40 ኪሎ! 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲንጠለጠልበት 120 ኪሎ ነው። ገመዱን ያጠነከረ ሰው እንጨቱን ካላጠነከረ ሰውዬው ከነእንጨቱ ይወርዳል።

የዚያ ቀበሌ ገበሬዎች ቁፋሮውን ከአራት ቀን በኋላ ቀጠሉ። ለቆፋሪው ብቻ የሚሆን ሌላ አዲስ ገመድ ለዩ፤ አፈር አይወጣበትም። የተጋደመውን እንጨት አወፈሩት፤ ገመዱ የሚያልፍበትንም ቦታ ጠርበው አለሰለሱት። ከጉድጓዱ አፍ አምስት እርምጃ ርቀው ወፍራም ግንድ ቀበሩ። ከሦስቱ ሰዎች ሁለቱ ይጎትታሉ፤ ሦስተኛው ሥራው ገመዱን በግንዱ ላይ ሁለት ዙር አዙሮ የረገበውን ወዲያው ወዲያው መሰብሰብ ብቻ ነው። የጎታቾቹ እጅ ቢያዳልጥ ባልዲው ሁለት ክንድ የሚወርድበት ትርፍ ገመድ አያገኝም፤ ግንዱ በሰበቃው ይይዘዋል። ይህን የግንዱን ነገር እኛ አይደለንም ያመጣነው። እኛ ያልነው «ገመዱ አይርገብ» ብቻ ነው። ግንዱን የቀበሩት ሽማግሌው ናቸው፤ ድሮ ጭነት በገደል ላይ ሲያወርዱ በዛፍ ላይ ይጠመጥሙ እንደነበር አስታውሰው ነው።

ትከሻው የተገሸለጠው ሰው መጀመሪያ አልወርድም ብሎ ነበር። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየዳሰሰ መረመረው፤ አንድ ቦታ ላይ ቋጠሮ አገኘና «ይህን ፍቱልኝ» አለ። ቋጠሮው ተፈታ። ከዚያ በኋላ ወረደ።